ካናዳ ስትጫወት አዳራሹ ለምን ባዶ ሆነ? (የወጣቶች ሆኪ ሻምፒዮና፣ ኤድመንተን)

ጃስፐር_አቬኑ · ኦገስት 11, 2022

ሰላም ለዚህ ቤት። ትናንት ሮጀርስ ፕሌስ ገብቼ ካናዳ ከላትቪያ ሲጫወቱ አየሁ። ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና ነው። ካናዳ 5 ለ 2 አሸንፋለች። የምጽፈው ግን ስለ ውጤቱ አይደለም፤ ስለ ወንበሩ ነው።

አዳራሹ ከ18,000 ሰው በላይ ይይዛል። የገባው ጥቂት ሺህ ቢሆን ነው። ፎቁ ላይ ረድፉ እንዳለ ባዶ። ልጆቹ ሜዳ ላይ ሲጠራሩ እኔ ያለሁበት ድረስ ይሰማል። ይሄ እኮ በገና ሰሞን አገር ምድሩ ሥራ ፈቶ ቴሌቪዥን ላይ የሚያፈጥበት ውድድር ነው! የኦስትሪያና የጀርመን ጨዋታ ቢሆን ይሁን። የተጫወተችው ግን ባለቤቷ ካናዳ ናት።

ወደ ትኬቱ ልምጣ። መጀመሪያ ያሰብኩት ከልጆቼ ጋር ልሄድ ነበር። ደህና የሚባለው ቦታ በቤተሰብ ቁጥር ሲባዛ የሳምንት አስቤዛ ሆኖ ቁጭ አለ። እሱ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ትጨምራለህ፣ መኪና ማቆሚያ ትጨምራለህ፣ ልጅ ደግሞ ፋንዲሻ ሳይበላ አይወጣም። ተውኩት። በመጨረሻ ብቻዬን ሄድኩ። ያውም አንዱ ትኬቱ እጁ ላይ ሊቀርበት ሲል በግማሽ ዋጋ ሲጥለው ይዤ ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሰውን ያስቀረው ዋጋው ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ? ባዶ ወንበር ታቅፈው ከሚያመሹ ለምን አይቀንሱትም?

ሰመር_አጭር_ነው · ኦገስት 11, 2022

ወንድሜ፣ ኦገስት ነው እኮ! የኤድመንተን ሰው ግማሽ ዓመት በረዶ ሲጠርግ ከርሞ፣ ገና ፀሐይ ሲሞቅ ተመልሶ በረዶ ያለበት አዳራሽ ይግባ? በዚህ ሰሞን ፍሪንጅ ፌስቲቫል አለ፣ ሐይቅ ዳር ጥብስ አለ፣ እስከ ማታ ብርሃን ነው።

ነገሩን ላልተከታተላችሁ፣ ውድድሩ መጀመሪያ የተጀመረው ዲሴምበር 26, 2021 ነበር፤ እዚሁ ኤድመንተንና ሬድ ዲር ላይ። ኮቪድ ቡድኖቹ ውስጥ ገባ፣ ጨዋታ በፎርፌ መሰጠት ጀመረ፣ ዲሴምበር 29 ላይ ተሰረዘ። የአሁኑ እንደገና ከዜሮ የተጀመረ ነው። ሩሲያ በዩክሬን ጦርነት ታግዳ በቦታዋ ላትቪያ የገባችውም በዚህ መሃል ነው። ወሩ ተቀየረ፣ ቡድን ተቀየረ፣ ዋጋው ግን አሁንም ገና የሚያከብር ይመስላል።

የሁለት_ልጆች_እናት · ኦገስት 11, 2022

ሁለቱም ልጆቼ ሆኪ ይጫወታሉ። ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። «እማዬ እንሂድ» ብለው ለምነውኛል። አልወሰድኳቸውም፤ ዋጋው ብቻ ደግሞ አይደለም ምክንያቴ።

በሜይ የወጣውን ዜና ሁላችሁም ሰምታችኋል። በ2018ቱ የወጣቶች ቡድን አባላት ላይ የወሲብ ጥቃት ክስ ቀረበ፣ የአገሪቱን ሆኪ የሚመራው ሆኪ ካናዳም ከከሳሿ ጋር ከፍርድ ቤት ውጭ ጉዳዩን ዘጋው። ጁላይ ላይ ደግሞ እንዲህ ላለ ክስ የሚከፈልበት ፈንድ እንዳለ፣ ገንዘቡም ከልጆች የምዝገባ ክፍያ እንደሚዋጣ ድርጅቱ ራሱ አመነ። ከልጆች ምዝገባ! ስኬቱን፣ ስቲኩን፣ ሄልሜቱን ገዝቼ፣ ልጆቹ ቁመታቸው ሲጨምር እንደገና ገዝቼ፣ ለበረዶ ሜዳ ኪራይ ከፍዬ፣ ለውድድር ሌላ ከተማ ሆቴል ይዤ። ከዚህ ሁሉ በኋላ እኔም እዛ ውስጥ እንዳለሁበት ስሰማ አንጀቴ ነው የተቃጠለው።

የፌዴራል መንግሥቱ ገንዘቡን አግዷል። ስኮሺያባንክ፣ ቲም ሆርተንስ፣ ካናዲያን ታየር፣ ቴለስ ከዚህ ውድድር ስፖንሰርነት ወጥተዋል። ባንክ ያፈረበትን ነገር እኔ ልጆቼን ይዤ ላጨብጭብለት? በነፃ ግቢ ቢሉኝም አልገባም።

ቃሊቲ_ማዞሪያ · ኦገስት 12, 2022

ይቅርታ አድርጉልኝና እኛ ሐበሾች ከመቼ ወዲህ ነው ስለ ሆኪ ትኬት የምንጣላው? እኔ እስካሁን ፓኳ ራሷ (በኳስ ፈንታ የሚመቷት ጥቁሯ ነገር) አትታየኝም። ጎል መግባቱን የማውቀው ሰው ሲጮህ ነው። ፕሪሚየር ሊግ ተጀምሯል፣ አርሴናል አሸንፏል፣ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።

የሁለት_ልጆች_እናት · ኦገስት 12, 2022

እዚህ ልጅ ስትወልድ ትታይሃለች ወንድሜ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀስቅሶ ልምምድ ሲያስወስድህ ፓኳም ትታይሃለች፣ ሂሳቡም ይታይሃል።

ሞንትሪያሌ · ኦገስት 12, 2022

ጃስፐር፣ ያየኸው ነገር ለኛ አዲስ አይደለም። ኦገስት ሳይሆን፣ ቅሌትም ሳይሰማ፣ እዚህ ሞንትሪያል ይሄው ሆኗል።

በ2015 እና በ2017 ውድድሩን ሞንትሪያልና ቶሮንቶ በጋራ አዘጋጁ። ሁለቱም ትልልቅ የኤንኤችኤል (የባለሙያዎቹ ትልቁ ሊግ) አዳራሽ አላቸው። አዘጋጆቹ ብዙ ወንበር በውድ ትኬት አባዝተው ገንዘቡን በልባቸው ቆጥረውት ነበር። በ2015 ሰው በዋጋው አጉረመረመ። በ2017 ካናዳ የምድብ ጨዋታዋን ቶሮንቶ አደረገች፣ ለኛ የደረሱን ስዊድን፣ ፊንላንድ፣ ቼክ፣ ስዊዘርላንድና ዴንማርክ ናቸው። የኛ አዳራሽ ቤል ሴንተር ከ21,000 ሰው በላይ ይይዛል። ዴንማርክን ሊያይ 21,000 ሰው ከየት ይምጣ?

«ቆይ፣ ካናዳ ስትመጣ ይሞላል» ተባለ። ጃንዋሪ 2, 2017 ካናዳ መጣች። ሩብ ፍጻሜ ነው፣ ከቼክ ጋር፣ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ነው። የመጣው ሰው 10,000 ገደማ። የአዳራሹ ግማሽ እንኳን አይሞላም። ያውም የሆኪ እናት ነኝ በምትል ከተማ! ለፍጻሜው ከአሜሪካ ጋር ሲሆን ወደ 20,000 ሰው ተገኘ፣ እኛም በመለያ ምት 5 ለ 4 ተሸነፍን። ስለዚህ ሰው ጠፍቶ አልነበረም። ሰው የሚከፍልበትን ቀን መርጦ ነው።

ዋጋ ስትሉ የትኬቱን ቁጥር ብቻ አትዩ። አሻሻጡን እዩት። መጀመሪያ በጥቅል ነው የሚሸጡልህ። ካናዳን ለማየት ስማቸውን የማታውቀውን ልጆች ጨዋታ አብረህ ትገዛለህ። ጥቅል የገዛው ለስዊዘርላንድ አይመጣም፤ ወንበሩ ተሽጧል ግን ባዶ ነው። ጥቅሉ የከበደው ነጠላ ትኬት እስኪወጣ ይጠብቃል። ሲወጣ ዋጋውን አይቶ ይደነግጣል። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ደግሞ እንደ አንተ ከግለሰብ በግማሽ ያገኛል። በሚቀጥለው ጊዜ ማን ቀድሞ ይገዛል? የኛ ከተማ ሰው ትምህርቱን በ2015 ወስዶ በ2017 ተጠቀመበት።

ጃስፐር_አቬኑ · ኦገስት 12, 2022

ይሄ ልክ ነው። ትኬቱን የሸጠልኝ ልጅም ያለኝ ይሄንኑ ነው። ጥቅል ገዝቶ የቀሩትን እየለመነ ነው የሚሸጠው። «ሁለተኛ አይለምደኝም» አለኝ።

ሰመር_አጭር_ነው፣ ወሩን እቀበላለሁ። ግን ወሩን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ኦገስት ላይ ሰው እንደማይመጣ ካወቁ ዋጋውን ለኦገስት ማድረግ ነው።

ጋሽ_ታዛቢ · ኦገስት 13, 2022

ልጆች፣ ሆኪውን እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ ስታዲየም አውቃለሁ።

አዲስ አበባ ስታዲየም ክቡር ትሪቡን ነበር፣ ጥላ ፎቅ ነበር፣ ከማን አንሼ ነበር፣ ከዛ ሚስማር ተራና ካታንጋ። ኪስህ ያለውን ቆጥረህ የምትገባበት በር አለ። ጭፈራው፣ ዘፈኑ፣ ስድቡ ሳይቀር የሚመጣው ከርካሹ ቦታ ነው። ክቡር ትሪቡን የተቀመጠው ሰውዬ ራሱ ግማሹን ጊዜ ካታንጋን ነው የሚያየው። ካታንጋ ዝም ያለ ቀን ጨዋታውም ይሞታል፤ ተጫዋቹ ራሱ ይፈዛል።

እዚህ ካታንጋ የለም። ጣሪያ ሥር ያለው የመጨረሻው ወንበር እንኳን ዋጋው ከማን አንሼ ነው። ተማሪው፣ አዲስ የመጣው ስደተኛ፣ ሦስት ልጅ ያለው ሰውዬ ከየት በኩል ይግባ? ድምፅ የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ሀብታሙማ ስልኩን እያየ ነው የሚቀመጠው።

ደግሞ አንድ ነገር ጠይቄ ልሂድ። እነዚህ የሚጫወቱት ጎረምሶች ይከፈላቸዋል እንዴ?

ሞንትሪያሌ · ኦገስት 13, 2022

ጋሼ፣ እንደ ባለሙያ ደመወዝ አይከፈላቸውም። አገራቸውን ወክለው ነው የሚጫወቱት። ካናዳ ውስጥ ሲዘጋጅ ትርፉ ሆኪ ካናዳ፣ የወጣቶቹ ሊጎች እና የየክፍለ ሀገሩ ማኅበራት ዘንድ ይሄዳል። ለታዳጊዎች ሆኪ ይውላል ነው የሚባለው። የእህታችንን ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ግን ያንን ለሰው ማስረዳት ከባድ ነው።

ካውንተር_ጀርባ · ኦገስት 14, 2022

እኔ አዳራሽ ውስጥ ምግብ ሻጭ ነኝ። የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ ሮጀርስ ፕሌስ ግን አይደለም። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ «የተመልካች ቁጥር» ተብሎ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ የተሸጠና የተበተነ ትኬት ነው። በበር የገባ ሰው አይደለም። እውነተኛውን ቁጥር የምናውቀው እኛ ነን፣ ከተረፈው ሆትዶግ።

ሁለተኛ፣ «ለምን አይቀንሱም» ላላችሁት። አንዴ መሸጥ ከተጀመረ በይፋ መቀነስ ጣጣ አለው። ቀድሞ ሙሉውን የከፈለው ሰው ልዩነቱን መልሱልኝ ብሎ ይነሳል። ለሚቀጥለው ዝግጅትም ሁሉም ቅናሽ ይጠብቃል። ስለዚህ ድምፅ ሳያሰሙ ለትምህርት ቤትና ለልጆች ክለብ በነፃ ይሰጣሉ። የልጅህ ክለብ ውስጥ የሚያውቁት ሰው ካለ ጠይቅ ጃስፐር። ማን ያውቃል።

ዳንፎርዝ · ኦገስት 15, 2022

ከቶሮንቶ ነኝ። ባፋሎ ስላልተነሳ ላንሳው። የ2018ቱ ውድድር እዛ ነበር። ከእኛ ድንበር ተሻግረህ ሁለት ሰዓት ስለማይሞላ ካናዳዊው ይሞላዋል ተብሎ ነበር የታሰበው። ግን ትኬቱ በአሜሪካ ዶላር ነው፣ የኛ ዶላር ደግሞ ያኔ 80 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ነበር። ውድ የነበረው በምንዛሬ የባሰ ውድ ሆነ። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ባዶ ወንበር ታየ።

በዛው ውድድር ግን ዲሴምበር 29, 2017 ካናዳና አሜሪካ ክፍት ስታዲየም ላይ፣ በረዶ እየዘነበባቸው ተጫወቱ። 44,592 ሰው! የውድድሩ የምንጊዜም ሪከርድ ነው። ሰው በብርዱ እየተንቀጠቀጠ ቁጭ ብሎ አየ። እስኪ ይሄን በዋጋ ብቻ አስረዱኝ።

ሌላም ጥሩ ነገር አድርገው ነበር። ሰው የማይበዛባቸውን ጨዋታዎች 1,800 ወንበር ብቻ ያለው ትንሽ ሜዳ ወሰዷቸው። ሰው ካለ ሞቅ ይላል፣ ከሌለም አያሳፍርም። የኤድመንተን ስህተት ይሄ ይመስለኛል፤ ሁሉንም ጨዋታ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ማጨቅ።

ቁጥር_ወዳድ · ኦገስት 18, 2022

ክሩን ዛሬ ነው ያየሁት። የሚያናድደኝን ልንገራችሁ።

በ2012 ይሄው ክፍለ ሀገር፣ አልበርታ፣ ኤድመንተንና ካልጋሪ ላይ አዘጋጅቶ ነበር። ጠቅላላ ተመልካቹ ከ450,000 በላይ ነበር። ለትኬት ሰው ዕጣ ነው የተጣለለት! ያኔም ርካሽ አልነበረም። ከተማው ያው፣ ስፖርቱ ያው። አሥር ዓመት ነው ያለፈው።

ደግሞ የቀራችሁ ሰዎች ጥሩ ነገር አመለጣችሁ። ላትቪያ በሩሲያ ቦታ ተጠርታ መጥታ ቼክን 5 ለ 2 አሸንፋ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሩብ ፍጻሜ ገባች። የካናዳው ማክታቪሽ ስሎቫኪያ ላይ ብቻውን አራት ጎል አገባ። ትናንት ቼክ አሜሪካን አባረረቻት። ኮነር ቤዳርድ የሚባለው የካናዳ ልጅ ገና 17 ዓመቱ ነው፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይሄንን ልጅ ለማየት ስንት እንደምትከፍሉ አብረን እናያለን።

ሰመር_አጭር_ነው · ኦገስት 18, 2022

እሺ ቁጥር፣ የ2012ቱ መቼ ነበር? ከዲሴምበር 26 እስከ ጃንዋሪ 5። አመሰግናለሁ። ሌላ ጥያቄ የለኝም።

ጃስፐር_አቬኑ · ኦገስት 21, 2022

ትናንት ፍጻሜውን ገብቼ አየሁ፤ ትልቁን ልጄን ይዤ። ዋጋውን አትጠይቁኝ፣ ባለቤቴም ይሄን መድረክ ታነባለች።

ከ13,000 ሰው በላይ ነበር። አሁንም አልሞላም፣ ድምፁ ግን ሌላ ነው። ካናዳ 2 ለ 0 መርታ ፊንላንድ አቻ አደረገች። ኦቨርታይም ላይ ፓኳ በረኛውን አልፋ መስመሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ማክታቪሽ ከአየር ላይ በስቲኩ አወጣት። ልጄ ወንበር ላይ ቆሞ ነበር፣ እኔም ተቀመጥ አላልኩትም። ትንሽ ቆይቶ ኬንት ጆንሰን ጨረሰው። 3 ለ 2።

ከኋላችን የተቀመጡት ሰዎች ለውድድሩ የመጡት ትናንት ብቻ ነው። «ለአንድ ቀን እንከፍላለን፣ ለሁለት ሳምንት አንችልም» አሉኝ። ሞንትሪያሌ ያለው ነው።

የሁለት_ልጆች_እናት · ኦገስት 21, 2022

እኛ ቤት ታይቷል፣ በቴሌቪዥን። ልጆቹ ጣሪያውን ሊያወርዱት ነበር። በአቋሜ ግን እንዳለሁ ነኝ። ልጆቹ የሚወዱት ጨዋታውን ነው፤ እኔ የተጣላሁት ከሚያስተዳድሩት ጋር ነው።

የባሕር_ዳርቻ · ጃንዋሪ 6, 2023

የቆየ ክር ስለቀሰቀስኩ ይቅርታ። ከሃሊፋክስ ነኝ። የዘንድሮው ሩሲያ ውስጥ ሊዘጋጅ የነበረው ከጦርነቱ በኋላ ተነጥቆ ለሃሊፋክስና ለሞንክተን መሰጠቱን ታውቃላችሁ። ትናንት አለቀ። ካናዳ ቼክን በኦቨርታይም 3 ለ 2።

ይሄን ክር በኦገስት አንብቤ ስለነበር ዓይኔ ወንበር ላይ ነበር። እና ሞልቶ ነበር! አዳራሻችን ከ10,000 ትንሽ በላይ ነው የሚይዘው። የካናዳ ጨዋታ ሲሆን ከተማው ሥራ የሚሠራም አይመስልም። ትኬቱ ርካሽ እንዳይመስላችሁ። አልነበረም። ሪሴሉማ አይነሳ። እኔ የምድብ ጨዋታ ነው የገባሁት፣ የስሎቫኪያውን ሩብ ፍጻሜ ቤት ነው ያየሁት። ቤዳርድ በኦቨርታይም ሦስቱን ተከላካይ እያታለለ ያገባውን ጎል አይታችሁታል አይደል? ልጁ በአንድ ውድድር 23 ነጥብ (ጎልና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ) ነው የሰበሰበው።

እና ለእናታችን፣ ቅሌቱ አልተረሳም። ኦክቶበር ላይ የሆኪ ካናዳ ዋና ሥራ አስኪያጅና ቦርዱ በሙሉ ለቀቁ፣ ትልልቆቹ ስፖንሰሮች ግን አልተመለሱም። ሰው ይሄን ሁሉ እያወቀ ነው የገባው። ዋጋውም ቅሌቱም እዚህ ነበሩ። የተለየው ወሩ ነው፣ የአዳራሹ ልክ ነው፣ ደግሞ ከ2003 ወዲህ ወደ ሃሊፋክስ መጥቶ አያውቅም ነበር።

ሰመር_አጭር_ነው · ጃንዋሪ 6, 2023

ወሩ። ወሩ። ወሩ። አምስት ወር ገደማ ጠብቄ ነው ይሄን የጻፍኩት።

ሞንትሪያሌ · ጃንዋሪ 7, 2023

እንኳን ደስ አላችሁ የባሕር ዳርቻ። ግን ቀናው ሁሉ በእናንተ አይለካ። እኛም በ2017 ወሩ ገና ነበር።

ሃሊፋክስ 20 ዓመት ጠብቃ ነው የከፈለችው። 20 ዓመት የጠበቀ ሰው ዋጋ አይጠይቅም። ሞንትሪያልና ቶሮንቶ ላይ ግን በሁለት ዓመት ልዩነት ነው ደግመው የመጡት፣ ያውም በዛው አሻሻጥ። በሁለት ዓመት ውስጥ እናንተ ዘንድ ይመለሱ፣ ያንኑ ጥቅል ይሽጡላችሁ፣ ካናዳን ደግሞ ሞንክተን ይላኳት፣ ለእናንተ ስዊዘርላንድና ዴንማርክን ይተዉላችሁ። ከዛ ስለ ወንበሩ እንነጋገራለን።

የባሕር_ዳርቻ · ጃንዋሪ 7, 2023

ዴንማርክን እንኳን ለጎረቤቴ ነው የምሰጠው።